ደረቅ ጨው፣ የሟሟ ጨው፣ የቀለጠ ጨው

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ተረቱ ስለ ኤሌክትሪክ ባይሆንም በኤሌክትሪክ በኩልም ልክ ነው፤ ደረቅ ጨው ድንጋይ ነው። በጋ ላይ በደንብ የደረቀ አሞሌ ሁለት ጫፉን በመልቲሜትር ብትነኩት ቁጥሩ አይነቃነቅም። ከዚያው አሞሌ ፈርፈር አድርጋችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ውሃ የሚባል ሳይነካው 801 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቃችሁ ብታቀልጡት ደግሞ ከጨው ውሃው በብዙ እጥፍ በተሻለ ያሳልፋል።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ «ኤሌክትሪክ ያመነጫል» የሚሉ አሉ። አያመነጭም። አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ጭነት የተሸከመ አቶም ነው፤ ፖዘቲቭ የሆነው የሶዲየም አዮንና ኔጋቲቭ የሆነው የክሎሪን አዮን ድሮም እዚያው አሉ፤ ችግሩ እንደ ግንብ ድንጋይ ተደርድረው መቆለፋቸው ነው። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን ተከቧል፣ እያንዳንዱም ክሎሪን በስድስት ሶዲየም። ንቅንቅ የለም። የውሃ ሞለኪውል ደግሞ አንድ ጎኗ በትንሹ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጎኗ በትንሹ ኔጋቲቭ ስለሆነ እነዚህን አዮኖች አንድ በአንድ እየከበበች ከግንቡ ታወጣቸዋለች። ውሃ መካከላቸው ሲገባ የሚሳሳቡበት ኃይል ወደ 80 እጥፍ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተመልሰው አይጣበቁም። ሙቀትም ያንኑ ቁልፍ የሚፈታበት ሌላ መንገድ ነው፤ ግንቡን እያንቀጠቀጠ ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያደናግራል። ስኳሩ ሻይ ውስጥ ጠፋ ለማለት «ቀለጠ» እንላለን፣ ቅቤውም «ቀለጠ»። ለዚህ ጽሑፍ ግን ሁለቱን እንለያቸው፦ በውሃ የተፈታው ሟሟ፣ በሙቀት ብቻ የፈሰሰው ቀለጠ። በነገራችን ላይ ሐምሌና ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ ክፍት የተቀመጠ ጨው የሚረጥበው በመሟሟት እንጂ በመቅለጥ አይደለም። የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ንጹሕ የምግብ ጨው እንኳ ውሃ ከአየር ስቦ ራሱን ማሟሟት ይጀምራል። ጨዋማ አቧራ የተቀመጠበት የኤሌክትሪክ ቦርድ በበጋ ሰላም ሆኖ በክረምት የሚያፈተልክበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አይቶ ለማመን የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ የ12 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ኤልኢዲ አምፖል፣ አንድ የ1000 ኦም ሬዚስተር፣ ከሁለት ያለቁ ባትሪ ድንጋዮች የወጡ ሁለት የካርቦን ዘንጎች። ሁሉንም በአንድ መስመር አገናኙና ዘንጎቹን አንድ ሴንቲሜትር ያህል አራርቃችሁ ብርጭቆ ውስጥ ንከሩ። በባትሪ ውሃ፣ ማለትም በተጣራው ዲስቲልድ ውሃ፣ ኤልኢዲው ይጨልማል፤ ቢበዛ በጨለማ ክፍል ብቻ የምትታይ ጭላንጭል ትቀራለች። በውሃው ውስጥ አምስት ማንኪያ ስኳር ብታሟሙበትም ያው ነው፤ ስኳር ይሟሟል እንጂ ወደ አዮን አይፈታም። የጣና ውሃ ስትቀዱበት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ስትጨምሩበት ቦግ ይላል። አቼቶ በመካከል ነው፤ አሲድ ቢሆንም ወደ አዮን የሚፈታው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ኤልኢዲ የሚነግራችሁ ማለፉን እንጂ ምን ያህል እንደሚያልፍ አይደለም። ለመጠኑ የባጃጅ ባለ 5 ዋት አምፖል ያለ ሬዚስተር ተኩበት። ያ አምፖል በሐይቅ ውሃ ዝም ይላል፣ ትንሽ ጨው ባለበትም ዝም ይላል፣ ውሃው እንደ ባሕር ጨዋማ ሲሆን ነው ክሩ መቅላት የሚጀምር። ከዚህ ውጭ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ የውሃን ሬዚስታንስ ለመለካት የሚሞክር ሰው ቁጥሩ አልረጋ እያለ ያናድደዋል። መሣሪያው የሚልከው ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጅረት ነው፤ አዮኖቹ ወደየጫፋቸው ሄደው ይከመሩና ራሳቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። የውሃ መለኪያ መሣሪያዎች በኤሲ፣ አቅጣጫውን እየቀያየረ በሚሄድ ጅረት፣ የሚለኩት ለዚህ ነው።

በቁጥር ላስቀምጠው፤ የማሳለፍ መለኪያው ሲመንስ በሴንቲሜትር ነው፣ ማይክሮሲመንስ የሲመንስ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ፍጹም ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ 0.055 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። የጣና ውሃ ከ100 እስከ 200 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ለሐይቅ ዝቅተኛ ነው፣ ጣፋጭ ውሃ የምንለው በከንቱ አይደለም። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ግራም የምግብ ጨው ስታሟሙ ወደ 2000 ይደርሳል። የባሕር ውሃ ከ50,000 በላይ ነው። የኪስ ቲዲኤስ መለኪያ (በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን ይነግራል የሚባለው) የሚያሳየው «ፒፒኤም» የሚባለው ቁጥር እንዲሁ ይህንኑ ለክቶ በ0.5 ወይም በ0.7 ያባዛው ግምት ነው። ስለዚህ ስኳር ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ዜሮ አካባቢ ያነባል። ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ኦአርኤስም ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በአንድ ሊትር ከሚበጠበጠው 20.5 ግራም ዱቄት 13.5ቱ ግሉኮስ ነው፣ መለኪያው የሚያየው የቀሩትን 7 ግራም ጨዎች ብቻ ነው። ሙቀትም አይረሳ፤ ውሃው በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ማሳለፉ ወደ 2 በመቶ ይጨምራል። ጠዋት የለካችሁትን ከሰዓት በኋላ ለክታችሁ «ውሃው ተበላሸ» አትበሉ።

ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ትንሽ ነፍስ የሚዘራውም ከዚህ ነው። በውስጡ ያለው ሊጥ የአሞኒየም ክሎራይድ ወይም የዚንክ ክሎራይድ ጨው ነው። ሲሞቅ አዮኖቹ ይፈጥናሉ፣ ስለዚህ ሬዲዮው ለተወሰነ ጊዜ ይናገራል። ያለቀው ዚንክ ግን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ዋናው። ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሮን ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚሄደው አዮን ነው። ኤሌክትሮን ውሃ ውስጥ ገብቶ አይዋኝም፤ አዮንም ሽቦ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሽቦና ፈሳሽ በሚገናኙባቸው ሁለት ጫፎች ርክክብ አለ፤ ርክክቡም ሁልጊዜ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። አንድ ነገር ይበላል፣ አንድ ነገር ይለበጣል፣ ወይም ጋዝ ይወጣል። ማይክል ፋራዴይ በ1834 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮላይት (በአዮን የሚያሳልፈው ፈሳሽ)፣ አዮን፣ አኖድ (ፖዘቲቩ ጫፍ)፣ ካቶድ (ኔጋቲቩ ጫፍ) የሚሉትን ቃላት ያወጣው ይህን ሲያጠና ነው። ሰው ጨው ሲመርጥ የሚሳሳተውም እዚህ ነው፤ «በደንብ የሚያሳልፈው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቹ በደንብ ያሳልፋሉ። መጠየቅ ያለበት «በሁለቱ ጫፍ ምን ይሠራብኛል?» ተብሎ ነው።

ብስክሌት ለበዛባት ባሕር ዳር፣ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ የዝገት ማውለቂያ ገንዳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የዛገ ካቴና ጥርስ፣ ፔዳል፣ የብረት ማኑብሪዮ፣ የአሮጌ ጀልባ ቡሎን፣ ሁሉም ይሆናሉ።

ዕቃው፦ ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ፣ ባለ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር 5 አምፔር የሚችል፣ አራት ቁራጭ ፌሮ ብረት ወይም ተራ ጥቁር ላሜራ፣ እና ሶዲየም ካርቦኔት። ሶዲየም ካርቦኔት በገበያ ሶዳ አሽ የሚባለው ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ከአብያታ ሐይቅ ውሃ ሲመረት የኖረው። ካጣችሁት ቤኪንግ ሶዳ ገዝታችሁ በብረት ምጣድ እያማሰላችሁ 200 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ቁሉት። ዱቄቱ እንደሚፈላ ነገር ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነው። ቡልቅታው ሲቆም ደርሷል፤ 100 ግራም የነበረው 63 ግራም ይሆናል። የቡና መቁያው ብረት ምጣድ ይበቃል፣ ሲታጠብ ይለቃል። የእንጀራውን ምጣድ ግን ተዉት፣ ሸክላው ይጠጣዋል። የአሉሚኒየም መጥበሻም አይሆንም።

መጠኑ በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 15 ግራም ነው፤ ለ20 ሊትር 200 ግራም በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማድረጉ ፍጥነት አይጨምርም ማለት አይደለም፣ ግን ቻርጀሩን ያስጨንቃል። የሚታጠበው ዕቃ ኔጋቲቭ ላይ፣ ፌሮዎቹ ፖዘቲቭ ላይ። ይህን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ከተገለበጠ ፌሮው ይጸዳና ዕቃችሁ ይበላል። መቆንጠጫው የሚይዝበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉት፣ ዝገት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። «ሁሉን አገናኝቼ ምንም አረፋ የለም» የሚል ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ እዚያች መቆንጠጫ ሥር ነው መልሱ። ካልሆነም ቻርጀሩ አዲሱ ዓይነት ይሆናል፤ ባትሪ መኖሩን ካላወቀ የማይነሳው። አሮጌው ባለ ትራንስፎርመር እዚህ ላይ ይበልጣል።

ፌሮዎቹን በዕቃው ዙሪያ በአራት ጎን ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር አራርቃችሁ አቁሙ። አዮን በአብዛኛው አቋራጩን ይመርጣል፤ ፌሮው «የማያየው» ጎን ዝገቱ እንዳለ ይቀራል። በአንድ ፌሮ ብቻ ከሠራችሁ ዕቃውን በየሁለት ሰዓቱ ማዞር ግድ ነው።

ሶዳው ምን እንደሚጨምር በቁጥር እንየው። አንድ 2 ካሬ ዴሲሜትር ፊት ያለው ላሜራና ያንኑ የሚያህል ዕቃ 8 ሴንቲሜትር ተራርቀዋል እንበል። በጣና ውሃ ብቻ በመካከላቸው ያለው ሬዚስታንስ ወደ 270 ኦም ይመጣል። ከ12 ቮልቱ ሁለቱ ያህል በጫፎቹ ርክክብ ያልቃል፤ የቀረው 10 ቮልት የሚነዳው 40 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት ዝገቱ ከመልቀቁ ፋሲካ ይደርሳል። 200 ግራሙ ሶዳ ሲሟሟ ሬዚስታንሱ ወደ 3 ኦም ይወርዳል፣ ከ3 አምፔር በላይ ያልፋል። ቻርጀሩም ቮልቱም አልተለወጡም።

ከ4 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ በሽቦ ብሩሽ ሲነካ ይረግፋል። በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁና ዘይት ቀቡት። «ወዲያው» ስል ሻይ ሳይጠጣ ነው፤ ራቁቱን የቀረ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ቢጫ ያወጣል።

በዕቃው ላይ የሚፈላው አረፋ ሃይድሮጅን ነው። 5 አምፔር ለአንድ ሰዓት 18,000 ኩሎም (የኤሌክትሪክ ጭነት መለኪያ) ነው። በፋራዴይ ቁጥር 96,485፣ ማለትም አንድ ሞል ኤሌክትሮን በሚሸከመው ጭነት፣ ስታካፍሉት 0.187 ሞል ኤሌክትሮን፣ ግማሹ 0.093 ሞል ሃይድሮጅን። ባሕር ዳር ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ጋዙም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይሰፋል፤ በሰዓት 2.8 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 በመቶ ጀምሮ ይነዳል። ስለዚህ ባልዲው ደጅ ላይ፣ ክዳን የሌለው። መቆንጠጫ ከመንቀልም በፊት ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ብልጭታ የሚወጣው ሲነቀል ነው። የሚያልቀው ውሃው እንጂ ሶዳው አይደለም። በዚሁ ስሌት በሰዓት 1.7 ግራም ብቻ ነው፣ የቀረውን ፀሐይ ነው የሚወስደው። ሲጎድል ውሃ ብቻ ጨምሩ።

የማይገቡ ዕቃዎች አሉ። አሉሚኒየም ቸርኬ አይገባም፣ ሶዳው ራሱ ይበላዋል። ሞላና የጠነከረ ቡሎን፣ የኩሽኔታ ኳስም እንዲሁ፤ ሃይድሮጅኑ ወደ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርገዋል። ለፖዘቲቩ ደግሞ የማይዝገውን ብረት፣ ስቴይንለስ የሚባለውን፣ በፍጹም አትጠቀሙ። ንጹሕ ሆኖ ስለሚቆይ ይማርካል፤ ግን ክሮሚየሙ እየሟሟ ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል። ያ ቢጫ ካንሰር የሚያመጣው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነው፣ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ ከወረደ ደግሞ ጉዳቱ ለእናንተ ብቻ አይሆንም።

«ሶዳ ከመፈለግ የወጥ ጨው አይሆንም?» ይባላል። በማሳለፍ በኩል በደንብ ይሆናል። ጫፎቹን ተመልከቱ እንጂ። ካርቦኔት ሲሆን በፖዘቲቩ የሚወጣው ኦክስጅን ነው። የምግብ ጨው ሲሆን ክሎሪን ይወጣል፣ አፍንጫና ሳንባ የሚያቃጥለው ጋዝ። ከዚህም ሌላ ክሎራይድ በዝገቱ ጉድጓዶች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ዛሬ ያጸዳችሁት ጥርስ በሳምንቱ ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል።

ያንኑ ክሎሪን የሚፈልገው ሰው ግን ጨውን ሆን ብሎ ይመርጣል፤ በረኪና የሚሠራው እንዲህ ነው። በሊትር 25 ግራም ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በአንዱ ጫፍ ክሎሪን፣ በሌላው አልካሊ ይፈጠርና ተቀላቅለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይሆናሉ። በባትሪ ድንጋይ ካርቦን ከሞከራችሁት ዘንጉ እየፈረፈረ ውሃውን ያጠቁረዋል። በመዳብ ሽቦ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ አተላ ታገኛላችሁ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁት መሣሪያዎች የሩቴኒየም ኦክሳይድ ልባስ ያለው ቲታኒየም የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። በቤት የተሠራ ጥንካሬው ያልተለካ በረኪና ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፣ ወለል ቢታጠብበት ይበቃል።

መዳብ መለበጥም ሕጉ አንድ ነው፦ በሊትር 200 ግራም የመዳብ ሰልፌት ከ50 እስከ 60 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ፣ 1 አምፔር በሰዓት 1.19 ግራም መዳብ። ብረትን በቀጥታ አትንከሩበት እንጂ፤ ኤሌክትሪኩ ሳይበራ በፊት ቀይ ዱቄት ይለብስና በጣት ሲነኩት ይለቃል። መጀመሪያ ኒኬል ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፣ የባጃጁም የሶላሩም። ኤሌክትሮላይቱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ሙሉ ሲሆን ክብደቱ በሚሊሊትር 1.28 ግራም አካባቢ፣ ባዶ ሲሆን 1.12 አካባቢ። የሚጎድለው ውሃው ስለሆነ የሚጨመረውም ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። «የጣናን ውሃ አፍልቼ ብጨምርስ?» ማፍላት ተሕዋስ ይገድላል እንጂ ጨው አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ይጠነክራሉ፤ በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃም ዚንክና አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው።

ደካማ ባትሪ ውስጥ ጨው ጣል ማድረግ የሚመክሩም አሉ። ክሎራይድ ሊዱን ይበላል፣ በፖዘቲቩም ክሎሪን ሆኖ ይወጣል፤ ለሁለት ቀን የተሻለ መስሎ ከዚያ ይሞታል። አሲድ መጨመርም መድኃኒት አይደለም። ሰልፈሪክ አሲድ በደንብ የሚያሳልፈው በክብደት 30 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው፣ ከዚያ በላይ አዮኖቹ ተጨናንቀው መንገድ ይዘጋጋሉና ማሳለፉ ይወርዳል። ባዶውን የቆየ ባትሪ የገደለው ሌላ ጨው ነው፦ ሊድ ሰልፌት። እሱ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ አዮኑ ተቆልፎ በሰሌዳው ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ቆሞ የሚከርም ባትሪ በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ የሚደረገው ይህ እንዳይጠነክር ነው።

የቀለጠ ጨው የሚያስፈልገው ደግሞ ውሃው ራሱ ሲያስቸግር ነው። ሶዲየም ወይም አሉሚኒየም ከጨው ውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ለማውጣት ብትሞክሩ በኔጋቲቩ ጫፍ ከብረቱ ቀድሞ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ከውሃው። ቮልቱን መጨመር አረፋውን ማብዛት ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ የሌለበት ኤሌክትሮላይት ያስፈልጋል። ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 እ.ኤ.አ. ፖታሲየምን ከቀለጠ ፖታሽ ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። የቀለጠ የምግብ ጨው በሴንቲሜትር ወደ 3.6 ሲመንስ ያሳልፋል፤ ጨው እስኪጠግብ የሟሟበት ውሃ ግን 0.25 ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቀለጠው ውስጥ አዮን ያልሆነ ነገር የለም።

801 ዲግሪ ግን ውድ ሙቀት ነው፣ ስለዚህ ጨዎችን ቀላቅሎ የመቅለጫውን ነጥብ ማውረድ የሙያው ዋና ብልሃት ሆኗል። ሶዲየም በሚመረትበት ጋን ውስጥ ካልሲየም ክሎራይድ ተቀላቅሎ ሥራው በ600 ዲግሪ አካባቢ ይካሄዳል። የአሉሚኒየሙ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ለብቻው የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው። ክራዮላይት በሚባል የቀለጠ የሶዲየምና የአሉሚኒየም ፍሎራይድ ጨው ውስጥ ግን ጨው በውሃ እንደሚሟሟው ይሟሟል፣ በ960 ዲግሪ አካባቢም ይሠራል። በ1886 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ ሳይተዋወቁ በዚያው ዓመት ደረሱበት። ቮልቱ ከ4 እስከ 5 ብቻ ነው፣ አንድ ኪሎ ግን ከ13 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አሮጌ ድስት አቅልጦ አዲስ ድስት ማፍሰስ 660 ዲግሪ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ርክክቡ ከዓመታት በፊት ተከፍሎበታል። በዚያ ሥራ ላይ ቆሻሻውን ለማንሳት የሶዲየምና የፖታሲየም ክሎራይድ ቅልቅል ይነሰነሳል። ጨው የሚነሰንስ ሰው መጀመሪያ በደንብ ያድርቀው፤ የረጠበ ጨው የቀለጠ ብረት ውስጥ ሲገባ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ፊት ላይ ይረጨዋል።

ወደ ሐይቁ ልመለስ። የጀልባ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲመጡ ግርጌያቸው ላይ ግራጫ የብረት ቁራጭ ታስሮባቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ዚንክ። ሥራው ከሞተሩ አካል ቀድሞ መበላት ነው። ይህ ለባሕር የታሰበ ነው። ጣና ላይ ውሃው በአዮን ድሃ ስለሆነ ከዚንኩ የሚወጣው ጅረት ሩቅ አይደርስም፣ ዚንኩም በነጭ ቅርፊት ተሸፍኖ ይደነዝዛል። ዓመት ሙሉ ሳይበላ የቆየ ዚንክ አይታችሁ «ጠንካራ ነው» አትበሉ፤ ሥራ ፈቷል ማለት ነው፣ የሚበላው አካሉ ነው። ለጣፋጭ ውሃ ማግኒዚየም ነው የሚታሰረው፤ የሚገፋበት ቮልት ከዚንክ በግማሽ ቮልት ያህል ይበልጣል። ቀለም አትቀቡት፣ መቀመጫውን እስኪያበራ ፈትጉት፣ ግማሹ ሲያልቅ ቀይሩት።

ለኧርዝ ዘንግ፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ለሚያወርደው፣ ጨውና ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሚያፈራርቁ ኤሌክትሪሺያኖች ተሳስተዋል አልልም፤ ሬዚስታንሱ በእርግጥ ይወርዳል። ግን ጨው ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል፣ እስኪታጠብም ዘንጉን ይበላል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ደግሞ በበጋ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይላቀቃል። ነሐሴ ላይ ተለክቶ «ከ10 ኦም በታች ነው» የተባለ ኧርዝ ግንቦት ላይ ይለካ፤ እውነተኛው ቁጥር ያ ነው።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሐይቁ ዳር አስቀምጠው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በባሕር ውሃ ውስጥ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ሰውየውን ዞሮ የማለፍ ዕድል አለው፣ ውሃው ከሰውየው በተሻለ ያሳልፋልና። ጣና ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደማችን ጨዋማ ነው፣ ሐይቁ አይደለም። ጅረቱ በውሃው ውስጥ ከመሄድ ይልቅ በዋናተኛው በኩል ማለፍ ይቀለዋል፣ ጡንቻውም ታስሮ ይሰምጣል። ከፓምፑ በፊት ባለ 30 ሚሊአምፔር የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ) ይግባ፣ የብሬከሩ መሞከሪያ ቁልፍም በየወሩ ይጫን። ገመድ ውሃ ውስጥ ወድቆ ካያችሁ መጀመሪያ ከዋናው ማጥፊያ አጥፉ፣ ከዚያ ግቡ።